የሥራ ክፍሎቻችንን በፍላሽ ብርሃን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

(ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴ አባላት በተሰጠ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ርእስ «የልማት ሥራን በፎቶግራፍ ስለ መመዝገብ» የሚል ሰፊ ርእስ ነበር። እኔ ግን አጥብቤ ስለ አንድ ነገር ብቻ እንድናገር ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ፤ ይኸውም ሽመና፣ እንጨት ሥራ፣ ብረት ሥራና ስፌት የሚሠራባቸውን ክፍሎቻችንን በእጅ በሚያዝ ፍላሽ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት ነው። ከየአጥቢያው ከሚመጡ ሪፖርቶች ጋር ተያይዘው የማያቸው ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ከቤት ውጭ የተነሡ ናቸው፤ የውኃ ቦኖ፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የተሰለፉ ሰዎች። ወደ ሥራው ክፍል የገቡት ጥቂቶቹ ግን ከሁለት በአንዱ የታመሙ ናቸው። ወይ ሠራተኛው በበሩ ብርሃን ፊት እንደ ጥላ ጠቁሮ ይታያል፤ ወይም ፍላሹ ፊት ለፊት ስለ በራበት ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ ከኋላው ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ተጋድሞ ይታያል። በሁለቱም መንገድ ሰውየው በፎቶግራፉ ውስጥ የለም። ሦስተኛ በሽታም አለ፤ እርሱ ግን ስለሚያምር ማንም በሽታ ነው አይለውም። የእኔ ጥፋት ይህ ሦስተኛው ስለ ነበረ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የገጠር አጥቢያ ያቋቋመውን የሽመና ክፍል ፎቶግራፍ እንዳነሣ ተጠራሁ። ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። አንድ በር አለው፤ መስኮት ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ከጣሪያው ሥር አንድ ክንድ የማትሞላ ቀዳዳ ብቻ ነበረች። ስድስት ሸማኔዎች እግራቸውን በጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ይሠራሉ። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለቱ ድሩን ያያሉ፤ ከውስጥ ያሉት አራቱ ግን የተበጠሰ ክር የሚፈልጉት በዐይናቸው ሳይሆን በጣታቸው ነበር። ጥለት የሚሠሩትም በሩ አጠገብ የመቀመጥ ተራ ሲደርሳቸው ብቻ ነው። ኮሚቴው ሁለት መስኮት ለማውጣትና የኤሌክትሪክ መስመር ለማስገባት ለአንድ ረጂ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ እያዘጋጀ ስለ ነበረ፣ ከማመልከቻው ጋር የሚያያዝ ፎቶግራፍ ፈለገ።

እኔም ሁለት ፍላሽ፣ ሁለት ማቆሚያና ሁለት ነጭ ጃንጥላ ይዤ ሄድሁ። (የምናገረው ስለ ፎቶግራፍ አንሺ ጃንጥላ ነው፤ አባቶች ስለ ድባቡ እንዳይሠጉ።) አንዱን በበሩ በኩል፣ ሁለተኛውን በጨለማው ጥግ ተከልሁና ኀይላቸውን ከፍ አደረግሁ። ክፍሉ እንደ አዳራሽ በራ። ብርሃኑ ከነጩ ጥጥ ላይ እየተመለሰ የስድስቱም ፊት ጥርት ብሎ ወጣ፤ የጥለቱ ቀለም ደመቀ፤ የጭቃው ግድግዳ ሳይቀር አማረበት። ኮሚቴው ተደሰተ፤ እኔም በልቤ ኮራሁ። ፎቶግራፎቹም ከማመልከቻው ጋር ተያይዘው ሄዱ። ከወራት በኋላ የመጣው መልስ በአጭሩ፣ የሥራ ክፍሉ ከቀረቡት ፎቶግራፎች እንደሚታየው በቂ ብርሃን ያለው ስለ ሆነ ቅድሚያ ለሌሎች ተሰጥቷል የሚል ነበር። መልሱን የጻፉትን ሰዎች አልወቅስም፤ ያዩትን ጻፉ። ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።

በሌላ ጉዳይ ወደዚያው አጥቢያ ስመለስ፣ ከውስጥ ከሚቀመጡት ሸማኔዎች አንዱ የሆኑ አረጋዊ መወርወሪያቸውን ሳያቆሙ፣ «ልጄ፣ ያን ብርሃን ይዘኸው ሄድህ እኮ» አሉኝ። ሌሎቹ ሣቁ፤ እርሳቸው ግን አልሣቁም።

እንዲህ ያለውን ስሕተት የሠራሁት ዕቃውን እንጂ ጠባዩን ስለማላውቅ ነው። ጠባዩ እንዲህ ነው። ፍላሽ በአነስተኛ ኀይል ሲሠራ ብርሃኑ የሚቆየው ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። የክፍሉ የራሱ ብርሃን ግን የካሜራው ሸተር ተከፍቶ እስከ ቆየ ድረስ ሳያቋርጥ ይገባል። እንግዲህ በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ሁለት ብርሃን አለ ማለት ነው፤ ከበሩ የሚገባውና እኛ ያመጣነው። የሌንሱ ቀዳዳና የአይ.ኤስ.ኦ. ቁጥር ሁለቱንም ይነካሉ። የሸተሩ ፍጥነት ግን የሚነካው የክፍሉን ብርሃን ብቻ ነው፤ የፍላሹን አይነካም። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ከዚህ ሥልጠና ባዶ እጁን አልሄደም።

በምሳሌ ላስረዳ። በዚያ የሽመና ክፍል ሸተሩን በ1/200 ሰከንድ ላይ አድርጌው ነበር። በዚያ ፍጥነት ከበሩ የሚገባው ደካማ ብርሃን ከቁጥር የሚገባ ነገር አልተወም፤ በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ብርሃን ሁሉ የእኔ ነበር። ሸተሩን ወደ 1/30 ወይም ወደ 1/15 ዝቅ ባደርገው፣ አይ.ኤስ.ኦ.ውን ወደ 800 ከፍ፣ የሌንሱን ቀዳዳ በ4 ላይ ባደርገው ኖሮ የበሩ ብርሃን በራሱ አቅጣጫ፣ በራሱ ድካም ይገባ ነበር። (ወደ ላይ ግን ወሰን አለው። በብዙ ካሜራዎች ፍላሽ ሲሠራ ሸተሩ ከ1/200 ወይም ከ1/250 ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ የፎቶግራፉ አንድ ወገን በጥቁር መቀነት ይሸፈናል። ይህ ሲያጋጥማችሁ ካሜራው ተበላሸ ብላችሁ ወደ ጠጋኝ አትሩጡ።)

ሁለተኛው ጠባይ የርቀት ነው። ፍላሹ ከሰውየው 1 ሜትር ርቆ ሳለ የሚሰጠው ብርሃን፣ 2 ሜትር ሲርቅ አንድ አራተኛ፣ 3 ሜትር ሲርቅ አንድ ዘጠነኛ ይሆናል። ብዙዎች ይህን እንደ ችግር ያዩታል፤ ለእኛ ግን በረከት ነው። ፍላሹን ከሸማኔው አጠገብ አቅርበን ኀይሉን እጅግ ዝቅ ብናደርገው፣ ብርሃኑ ፊቱንና እጁን አሳይቶ ከኋላው ወዳለው ጥግ ሳይደርስ ያልቃል፤ ጨለማው ባለበት ይቀራል። ፍላሹን አርቀን ኀይሉን ከፍ ብናደርገው ግን ሰውየውንም ግድግዳውንም ጥጉንም እኩል ያበራቸዋል። እኔ ያደረግሁት ይህን ሁለተኛውን ነበር።

ፍላሽ ከጅምሩ ከድሆች ጨለማ ክፍል ጋር የተያያዘ መሣሪያ መሆኑን ብታውቁ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1887 በጀርመን አገር የማግኒዥየም የብልጭታ ዱቄት ተሠራ። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ከተማ ጄከብ ሪስ የሚባል፣ በዴንማርክ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ጋዜጠኛ ስለ ዱቄቱ አነበበና የስደተኞች ቤተ ሰቦች ተጨናንቀው ወደሚኖሩባቸው መስኮት አልባ ክፍሎች ይዞት ገባ። ፎቶግራፎቹን የያዘው መጽሐፉ በ1890 ታተመ፤ ከተማውም ስለ ድሆች መኖሪያ እንዲነጋገር አደረገ። ነገር ግን ሪስ ብዙ ጊዜ የሚገባው በሌሊት፣ ሳያስፈቅድ ነበር፤ ሰዎቹ በብልጭታው ደንግጠው ሲነቁ በፎቶግራፎቹ ላይ ይታያል። በዱቄቱ ምክንያትም ሁለት ጊዜ ቤት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ራሱን በእሳት እንዳያያዘ እርሱው ጽፏል።

ከእርሱ በኋላ የመጣውን ሉዊስ ሃይንን ግን አብልጬ እወደዋለሁ። መምህር ነበረ። ከ1908 ጀምሮ የሕፃናትን የጉልበት ሥራ ይቃወም ለነበረው ብሔራዊ ኮሚቴ በመሥራት በፈትል ፋብሪካዎች፣ በመስታወት ፋብሪካዎችና በማዕድን ማውጫዎች የሚሠሩ ልጆችን ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ በጨለማው ስፍራ የብልጭታ ዱቄት ይጠቀም ነበር። ሃይን ፎቶግራፍ ብቻውን እንደማይታመን ያውቅ ነበር። ስለዚህ የልጁን ስም፣ ዕድሜና የሥራ ሰዓት በኪሱ ውስጥ በደበቀው ማስታወሻ ይጽፋል፤ ቁመቱንም ማንም ሳይጠረጥረው በራሱ ሰደርያ ቁልፎች ይለካል፤ የልጁ ራስ ከስንተኛው ቁልፍ እንደሚደርስ አስቀድሞ ያውቃልና። ሪፖርት የምትጽፉ ሰዎች ይህን ሰው አስቡት።

ወደ ሽመና ክፍሉ እንመለስ። ከአረጋዊው ቃል በኋላ ኮሚቴውን ይቅርታ ጠይቄ ሥራውን እንደገና ጀመርሁ። በዚህ ጊዜ ካሜራውን ከቦርሳው ከማውጣቴ በፊት ከውስጥ ካሉት ጉድጓዶች በአንደኛው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ። ዐይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆየሁና ክሩን ለማየት ሞከርሁ። ክሩ አይታይም። እንግዲያውስ በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይም መታየት የለበትም ብዬ ወሰንሁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ካሜራ በራሱ ሲተው ጨለማውን ክፍል አብርቶ ያሳያል፤ በዘመኑ ስልኮች ላይ ያለው የሌሊት ማንሻማ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሜ፣ ራስ ሰርነቱን አጥፍቼ፣ በመስታወቱ ላይ የማየው ዐይኔ ከሚያየው ጋር እስኪስማማ ድረስ ብርሃኑን ቀነስሁ። ፍላሽ አልነካሁም። የወጣው ፎቶግራፍ ቆንጆ አይደለም፤ አንድ ደማቅ በር፣ በበሩ አጠገብ ሁለት ሰዎች፣ ከዚያ ወዲያ ድንግዝግዝ።

ሁለተኛውን ፎቶግራፍ ከዚያው ቦታ፣ ሸተሩን ባለበት ትቼ አነሣሁ። ማቆሚያም ጃንጥላም አልተከልሁም። አንድ ወጣት ዲያቆን ፍላሹን ይዞ ከአረጋዊው በስተግራ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ እጁን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርጎ ቆመ። ኀይሉን ወደ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ አወረድሁት፤ በላዩም የታጠፈ ነጭ ነጠላ ጣልንበት። የአረጋዊው ፊት፣ ሁለት እጃቸው፣ በጣታቸው መካከል ያለችው ክር ታየች፤ መወርወሪያውም ብልጭታው በያዘው ቅጽበት ላይ ቆሞ፣ ከኋላው የእንቅስቃሴው ጭረት ቀጥኖ ተሳለ። ከትከሻቸው ወዲያ ግን ጨለማው ጨለማ ነው። ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አድርገን፣ ከመጀመሪያው ሥር «ክፍሉ ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ፣ ያለ ተጨማሪ ብርሃን»፣ ከሁለተኛው ሥር «በሸማኔው ላይ ብቻ ተጨማሪ ብርሃን በርቶ» ብለን ጻፍን። በዚህ ታጅቦ የሄደው ሁለተኛው ማመልከቻ ተቀባይነት አገኘ። መስኮቶቹ ወጥተዋል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ግን እስከ ዛሬ አልገባም።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ የየዕለቱን ሥራ የሚመለከት ነው።

የውጭ አገር መጻሕፍት ፍላሹን ወደ ጣሪያው አዙራችሁ ብርሃኑ ተመልሶ እንዲወርድ አድርጉ ይላሉ። የእነርሱ ጣሪያ ዝቅ ያለና ነጭ ነው። የእኛ ቆርቆሮ ብርሃኑን ሰነጣጥቆ ይመልሰዋል፤ ጥላሸት የጠጣ ጣሪያ ውጦ ያስቀረዋል፤ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ የራሱን ቀለም ቀብቶ ስለሚመልሰው ሰውየው የቀይ አፈር መልክ ይይዛል። ስለዚህ ግድግዳችንን ይዘን እንሂድ። ሁለት ሜትር አቡጀዲ በቂ ነው። ሁለት ወጣቶች ወጥረው ይያዙት፤ ፍላሹ ወደ ጨርቁ ይዙር፤ ከጨርቁ የሚመለሰው ብርሃን ሰፊና ለስላሳ ይሆናል። ጨርቁ በሰፋና ወደ ሰውየው በቀረበ መጠን በፊቱ ላይ ያለው ጥላ ይለዝባል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የልብሳችን ንጣት ነው። አንድ አባት ነጭ ጋቢ ለብሰው በር አጠገብ ሲቆሙ ካሜራው የበሩንና የጋቢውን ብርሃን አይቶ «እጅግ በዛ» ብሎ ይቀንሰዋል፤ በዚህ መካከል ፊታቸው ይጠቁራል። ፊታቸውን ለማውጣት ፍላሹን ፊት ለፊት ብናበራው ደግሞ ጋቢው አስቀድሞ ይቃጠላል፤ ጥለቱም እጥፋቱም ይጠፋል። መፍትሔው አቅጣጫ ነው። ሰውየው ወደ በሩ ጥቂት ዘወር ይበሉ፤ አንዱ ጉንጫቸው ከበሩ ብርሃን ያግኝ። ፍላሹ ከሌላው ወገን፣ ከራስ ከፍ ብሎ፣ መካከሉ ወደ ግንባር እንጂ ወደ ደረት ሳያይ ይብራ። ጠቆር ያለ ፊት ቅርጹን የሚያሳየው ከጎን በሚያርፍበት ስስ ብርሃን ነው፤ ያም ብርሃን ከሰፊ ነጭ ነገር ሲመጣ ያምራል። የፎቶግራፍ ዓለም ይህን ለማወቅ ዘግይቷል። የኮዳክ ፊልም የሚያጥቡ ማተሚያ ቤቶች ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል፣ የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ባለበት የመለኪያ ካርድ ነበር።

ይህን ያህል ስለ ፊት የምጨነቅበት ሌላ ምክንያት አለኝ። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ በአገራችን በሥራቸው ሲከበሩ አልኖሩም፤ በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። የሠሩትን እየለበስን፣ በሠሩት እያረስን፣ በሠሩት እየበላን ፊታቸውን ያላየን ብዙዎች ነን። በሪፖርታችንም ላይ ፊት አልባ ጥላ አድርገን ካወጣናቸው ያንኑ ነው የደገምነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ፎቶግራፉ የት እንደሚሄድ ንገሯቸው፤ አንሥታችሁም አሳዩአቸው። «ይህ እኔን አይመስልም» ካሉ እንደገና አንሡ። ስማቸው እንዲጻፍ ከፈቀዱ ከነሙያቸው ጻፉ። «ተጠቃሚ» የሚለው ቃል የማንም ስም አይደለም።

በቀጥቃጭ ቤት ደግሞ የሚበራው ነገር ሥራው ራሱ ነው። ሸተሩን በ1/200 አድርጎ ፍላሽ የሚያበራ ሰው ፍሙን አመድ አስመስሎት ይመለሳል። ሸተሩ ወደ 1/15 ይውረድ፤ ፍሙ በራሱ ይቅላ፤ ፍላሹ ለቀጥቃጩ ፊት ያህል ብቻ ይጨመር። ብየዳ በሚሠራበት ግን ያለ መከላከያ መስታወት አትቅረቡ፤ በካሜራው መመልከቻ በኩል ማየትም ዐይንን ከጉዳት አያድንም። መጋዝ ማሽን ላይ እንጨት በሚገፋ ሰው ዐይን ላይም ፍላሽ አታብሩ፤ ለአንድ አፍታ ቢታወር ጣቱን ሊያጣ ይችላል። ማሽኑ ይቁም፣ ከዚያ ይነሣ። የብራና መጻሕፍትና የግድግዳ ሥዕል ባለበት ስፍራ ፍላሹን ከነጭራሹ ዝጉት።

ቀለምን በሚመለከት፣ የፍላሽ ብርሃን የቀን ብርሃን ይመስላል፤ በ5,500 ኬልቪን አካባቢ ነው። የድሮው አምፖል ወደ 2,700 የሚጠጋ ብርቱካናማ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የክፍሉ ግማሽ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቢጫ ይሆናል። ብርቱካናማ ስስ ፕላስቲክ በፍላሹ ላይ መለጠፍ ወይም አምፖሉን ማጥፋት ነው። አምፖሉን ካጠፋችሁ ግን መጥፋቱን ከፎቶግራፉ ሥር ጻፉ።

ባትሪ ከዋዜማው ይሞላ። ሌላ የምለው የለኝም።

«እኛ ያለን ስልክ ብቻ ነው» የምትሉ ብዙ እንደ ሆናችሁ አውቃለሁ። በስልኩ ጀርባ ያለችው ትንሽ መብራት ከሌንሱ አጠገብ ስለ ሆነች ፊትን ጠፍጣፋ ታደርጋለች፤ ዝጓት። ሌላ ሰው የራሱን ስልክ መብራት አብርቶ ከጎን፣ ከፍ አድርጎ፣ በነጠላ ውስጥ አሳልፎ ይያዝላችሁ። ደካማ ስለ ሆነ ቅርብ መሆን አለበት፤ ቅርብ መሆኑም፣ ቀደም ብዬ እንዳልሁት፣ ጨለማውን በቦታው ይተወዋል። ስልኩን በድንጋይ ወይም በወንበር ላይ አስደግፉት እንጂ በእጅ ብቻ አትያዙት።

አሁን ወደ ጎረቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል እንሄዳለን። አናጢዎቹ ፈቃዳቸውን ሰጥተውናል፤ ማሽኑም እስክንጨርስ ድረስ ይቆማል። በመጀመሪያ ሁላችሁም ያለ ካሜራ ገብታችሁ በውስጠኛው ጠረጴዛ አጠገብ ጥቂት ቆሙ፤ እርሳስ የተሠመረበት ጣውላ ተቀምጦላችኋል፤ መሥመሩ ይታያችሁ እንደ ሆነ ትነግሩኛላችሁ። ፍላሹ አንድ ብቻ ስለ ሆነ እያንዳንዳችሁ ከሦስት ጊዜ በላይ አታብሩት። አቡጀዲውን የሚይዙ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ።